ለእናቷ ቃላት ያቀበለችው ልጄ

ዛሬ ሰኞ መጋቢት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ አእምሮዬ ገና በእጄ ሳለ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። የመርሳት በሽታ እንደጀመረኝ ሐኪሙ ነግሮኛል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያጠናሁት በሽታ ነውና ከእሱ በፊት አውቄዋለሁ። የዛሬው ቀን ግን ደህና ቀኔ መሆኑን መርምሮ ፈርሟል። ጸሐፊው የሰማውን ሁሉ ሳያሳምር ይጻፍ።

ማይክሮስኮፔ በሠራሁበት ላብራቶሪ ዕቃ ለምታጥበው ሴት ይሰጥ። እኔም ከዚያው የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ተነሥቼ፣ በተጣሉ መጻሕፍት ነው የተማርሁት። ዲግሪ የላትም የሚል ካለ፣ እኔም የለኝም።

የዳማ ገበታዬ ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊው ይሁን፤ እያጭበረበረም ቢሆን አጫውቶኛል።

ቤቱ ከነዕቃው ለአንድያ ልጄ ይሁን። ወንድሜ፣ "ስድስት ዓመት ደጅህን ላልረገጠች?" ይላል። ደጄን የዘጋሁባት እኔ ነኝ። ዛሬ አስጠርቻት መጥታለች፤ እየሰማች ልናገር።

ባለቤቴ በዚሁ በሽታ ስትያዝ የማስታወስ ልምምድ አዘጋጀሁላት። በየማለዳው ሦስት ቃላት ነግሬያት ከቁርስ በኋላ እጠይቃታለሁ። ስትስት፣ "አንቺ ሴት፣ ልብሽን ሰብስቢ!" ብዬ እቆጣ ነበር። ከጊዜ በኋላ መሳት አቆመች። ሁለት ዓመት ውጤቷን መዝግቤ፣ "ልምምዱ በሽታውን ያዘገያል" ብዬ በመጽሔት አሳተምሁ።

አንድ ቀን ከወጥ ቤቱ በር ላይ ልጄን ሰማኋት፤ "እማዬ፣ ድልድይ፣ ሎሚ፣ መርፌ በይ። አባባ እንዳይቆጣሽ።"

"ጥናቴን ገደልሽው!" አልኋት።

"በጠየቅሃት ቁጥር ትንቀጠቀጣለች እኮ! ነጥቡን ታያለህ፣ እጇን አታይም።"

ከቤት አስወጣኋት። እናቷ ከዚያ በኋላ አራት ወር ኖረች። እኔ ማን እንደሆንሁ ጠፍቷት እንኳ "ልጄ የት ሄደች?" ትለኝ ነበር። ይህን መዝገቤ ላይ አላሰፈርሁትም፤ ከጥያቄዎቼ አንዱ አልነበረማ።

ያሳተምሁት ጽሑፍ ሐሰት ነው። የመሻሪያው ደብዳቤ ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ ለመጽሔቱ ይላክ። ነገ ሐሳቤን ለወጥሁ ብል አትስሙኝ።

አእምሮዬ ሲከዳኝ ስለ እኔ የምትወስነው ልጄ ትሁን።

ልጄ እዚህ ላይ፣ "አባባ፣ እሱን ተወው። አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ ሳትለኝ?" ብላለች። ይጻፍ።

እውነቷን ነው። በዕድሜዬ ማንንም ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። በምስክሮች ፊት እላለሁ፦ ልጄ፣ አንቺንም እናትሽንም በድያለሁ፤ ይቅር በዪኝ። ነገ ይህን ማለቴን ረስቼ እንደ አዲስ ብጀምር፣ "ብለኸኛል" ብለሽ አታቋርጪኝ፤ አስጨርሺኝ።

መልሱ የልጄ ነው። እኔም አልጠይቃትም። በዚህ ቤት የተጠየቀው ይበቃል።

ቃሌ ተነብቦልኝ የእኔው መሆኑን አውቄ ፈርሜአለሁ።
ተናዛዡ (ፊርማ)

ሲናገር የሰማን፣ ሲነበብለትም አንድ ቃል ይፋቅ ሲል ያልሰማን ምስክሮች፦
ወንድሙ (ፊርማ)
ሐኪሙ (ፊርማ)
የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ (የጣት አሻራ)