ጥር አንድ የተወለዱት

ለውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ደኅንነትሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ሳሉስ ለቀቀሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ አማትሽ እንዴት ናቸው? እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር ደኅና ነኝ። ባለቤቴም ደኅና ናት፤ ዛሬ ቁርሴን ስለገፋሁባት ግን አኩርፋለች።

የገፋሁበትን ምክንያት ላንቺ ልንገርሽ። የሕሙማን ካርድ በመላ አገሪቱ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እንዲዛወር ስትራቴጂ በሚያረቅቀው ኮሚቴ ውስጥ የታካሚዎች ተወካይ ሆኜ መግባቴን ጽፌልሽ ነበር። ረቂቁ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይጸድቃል። አንቀጽ አራት እንዲህ ይላል፦ ስም፣ የአባት ስምና የልደት ቀን ከተመሳሰሉ ሁለቱ ካርዶች የአንድ ሰው ናቸውና ኮምፒዩተሩ ራሱ ያዋህዳቸዋል።

ባለፈው ሳምንት አሠራሩ በሚሞከርበት ጤና ጣቢያ አንዲት ልብስ ሰፊ ራስ ምታት ይዟት ሄደች። ኮምፒዩተሩ የስኳር በሽተኛ ናት አለ። መድኃኒትሽን ለምን አቋረጥሽ ብለው ተቆጧትና እንክብሉን ሰጧት። እሷም የታዘዘችውን ዋጠች፤ እቤቷ ደጃፍ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ስኳር ያለባት ለካ ሌላ ሴት ናት፤ በስም በአባት ስም ሞክሼዋ የሆነች ዳቦ ሻጭ። ልብስ ሰፊዋ እስካሁን ሆስፒታል ናት። ነቅታለች፤ ግን ልጇን በስሟ መጥራት ያቅታታል አሉኝ። ጥፋቱን በካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ላይ አላክከው ከሥራ አገዷት። ኮሚቴውም «የሰው ስህተት ነው» ብሎ አለፈው።

ስህተቱ የየትኛው ሰው እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ሁለቱም ሴቶች ተማሪዎቼ ነበሩ፤ የልደት ቀናቸውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወላጅ «በጎርፉ ዓመት» ይለኛል፤ ቅጹ ደግሞ ቀንና ወር ይጠይቀኛል። ባዶ ቦታ መተው አልወድምና ጥር አንድ እያልኩ ሞላሁት። ትናንት የድሮውን መዝገብ አውርጄ አየሁ፤ ከአርባ ሦስት ልጆች ሃያ ዘጠኙ ጥር አንድ ተወልደዋል። የኮምፒዩተር ባለሙያው «ማሽን አይሳሳትም» ሲለን ነው የከረመው። እውነቱን ነው፤ ማሽኑ እኔን አመነ።

ለሰብሳቢው ሐኪም ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኩት፤ ያንቺን የልደት ቀንም አልሸሸግኩም። እሱም «መምህር፣ ይህን ካነሡ የስንቱ ሰው ወረቀት ይጠረጠራል? የእህትዎስ?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ቁርሴን ያስገፋኝ ግን ይህ ቃሉ ነው።

አዎ እህት ዓለም፣ ልጆችሽ በየዓመቱ ኬክ የሚቆርሱልሽን ቀን የወለደው የእኔ ብዕር ነው። እናታችን የነገረችኝ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ መወለድሽን ብቻ ነው።

አሁን መዝገቡን በብብቴ ይዤ ልገባ ነው። ቀኑን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ሠራተኛዋ ትመለስ፣ ሰው ሳያረጋግጥ ካርድ አይዋሃድ፣ ቅጹም «አይታወቅም» የሚባልበት ቦታ ይኑረው እላለሁ። ከዚያ በኋላ የሚሉኝን ይበሉኝ።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። የአማትሽን ጉልበት ስሜያለሁ። ትልቋን በርቺ በያት፤ መንትዮቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ። ባለቤቴም፣ ኩርፊያዋ እንዳለ ሆኖ፣ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች።

ስለ ወረቀትሽ የሚጠይቅሽ ሰው ከመጣ አትደንግጪ፤ አትዋሺ። ያጠፋው ወንድሜ ነው በይና ይህን ደብዳቤ አሳዪው። ከታች የፈረምኩትም ለዚሁ ነው።

ወንድምሽ፣ ጡረተኛው መምህር (ፊርማ)
ከስብሰባ አዳራሹ ደጅ፣ ረቡዕ ጥቅምት ዘጠኝ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል