ትሬለሩን አላየሁትም

…አንተ ደግሞ ውጭ፣ ከበሩ ጀርባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እኔ ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት። መኪና ይገለበጣል፣ አንዲት ሴት ታለቅሳለች፣ «በቅርብ ቀን» ይላል ወፍራሙ ድምፅ። ከዚያ ሌላ ይጀምራል። ከዚያም ሌላ። በጣትህ በሩን ኳ ታደርጋለህ፤ አለቀ ወይ ማለትህ ነው። አላለቀም። አንድ ይቀራል። ብርዱ…

አያልዬ፣ ሁልጊዜ ከመሃሉ ነው የሚመጣብኝ። መጀመሪያውን ስፈልግ ይጠፋብኛል። ስለዚህ ከመሃሉ ልጻፍልህ።

ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። ጥቁሬን አውልቄያለሁ፤ አውልቂ ያሉኝ እናትህ ናቸው፤ ራሳቸው ግን አላወለቁም። ከመንገዱ ዳር ያለው ዳስህ ተከራይቷል፤ ወንበር በምትሠራበት ቦታ አሁን ድንች ይሸጣል። ለሁለት ሰው ብለህ የሠራኸው የቀርከሃ ወንበር ግን መስኮቱ ሥር እንዳለ ነው። እኔ በግራ በኩል እቀመጣለሁ። በቀኝ በኩል ልጃችን ሰላም የታጠበ ልብስ ትከምርበታለች፤ እኔ አነሳዋለሁ፤ እሷ መልሳ ትከምራለች።

በሩም እንዳለ ነው። ክረምት ሲሆን ያብጣል፤ በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም፣ ካልመቱት አይዘጋም። በጋ ሲመጣ እልገዋለሁ ትል ነበር። በጋው መጥቶ ሄደ። ሰላም አናጢ ልጥራ አለችኝ። ተይው አልኳት። ለምን እንዳልኳት አላውቅም። አውቃለሁ፤ ግን ለሷ አልነገርኳትም።

ዳንግላ ትዝ ይልሃል? ቪዲዮ ቤቱ ከአባቴ የእህል መጋዘን ፊት ለፊት ነበር። ደጁ ላይ የሚቆመው ሰውዬ ገበያ ለመጥራት ሲል የፊልሙን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለፍፈዋል፤ ማን ማንን እንደሚከዳ፣ አክተሩ በምን እንደሚያመልጥ። ሰው እየሰማ፣ እየሳቀ ይገባል። አንተ ብቻ ሁለት ጆሮህን በመዳፍህ ይዘህ፣ አንገትህን ቀብረህ፣ ዝናብ እንደመታው ሰው እየሮጥክ ታልፈዋለህ። ከፍለህ ስትገባ እንኳ መዳፍህን ከጆሮህ ላለማንሳት ብሩን በጥርስህ ነበር የምትሰጠው። አንድ ቅዳሜ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጆሮህን ምን ነካህ ብዬ ጠየቅኩህ።

«ታሪኩን ደጅ ላይ ከሰማሁት፣ ውስጥ ምን ልሠራ እገባለሁ?» አልከኝ።

ሳቅኩብህ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሰውዬው መለፍለፍ ሲጀምር እኔም የመጋዘኑን በር ገርበብ ማድረግ ጀመርኩ።

ኮሶበር መጥተን ቤት ስንይዝ ሥራ ተከፋፈልን። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት የሚመጡትን ማስታወቂያዎች፣ ልጆቹ ትሬለር የሚሏቸውን፣ እኔ አያለሁ፤ አንተ ውጭ ትቆማለህ። የሚቀጥለውን ፊልም የምመርጠው እኔ ነኝ። ስትገባ የምትጠይቀኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር። «እንየው?» ትለኛለህ። እኔም «እንየው» እላለሁ፤ ካልሆነም «ይቅርብን»። ሌላ ቃል የለም። ፊቴን እንኳ ትጠረጥረው ነበር። ፊትሽንም ዝጊው ትለኝ ነበር። ለመድኩት። ፊቴን እንደ መስኮት መዝጋት ቻልኩ። አየህ፣ ስለዚህ እኔ ግማሹን አስቀድሜ የማላውቀው ፊልም አይቼ አላውቅም። ግን አልጎደለብኝም። አንተ ፊልሙን ስታይ እኔ አንተን ነበር የማየው። የሚያስደነግጠው ቦታ ሊደርስ ሲል አውቅ ነበር፤ እጄን ጉልበትህ ላይ አስቀድሜ አሳርፍ ነበር።

ጎረቤታችን ፈንቴ ይህን ጠባይህን አውቆ እንዴት እንደሚያበሽቅህ! በቀርከሃው አጥር በላይ አንገቱን አውጥቶ፣ ፊልሙን አየውም አላየውም፣ «አያሌው! አክተሩ ይሞታል!» ይላል። «አንተ ካየኸው ፊልም ውስጥ እስካሁን የተረፈ ሰው አለ?» ትለዋለህ። እሱ ይስቃል፣ አንተ ትስቃለህ፣ ከዚያ ግን ተደብቀህ ትጠይቀኛለህ፤ እውነቱን ነው እንዴ? እኔ ፊቴን እዘጋለሁ።

ከዚያ እነዚያ ሰዎች ዘንገና መጡ፤ ካሜራ ይዘው፣ መኪና ሙሉ ዕቃ ይዘው። ያገራችን ሐይቅ በፊልም ሊወጣ ነው ተብሎ ከተማው በሙሉ ነቅሎ ወጣ። ባጃጅ ጠፋ። ፈንቴ ሱቁን ዘግቶ ሄደ። አንተ ግን፣ እዚያው ተወልደህ እዚያው ያደግኸው፣ ካየሁትማ ምኑን ፊልም ሆነ ብለህ አሻፈረኝ አልክ። ያን ቀን ደግሞ ከእናትህ ጓሮ ቀርከሃ ማምጣት ነበረብህ። ሕዝቡ በቆመበት በኩል አላልፍም ብለህ ከሐይቁ ማዶ ባለው በቀጭኑ መንገድ፣ በዛፎቹ ሥር ዞርክ። ስትመለስ ጫማህ ጭቃ፣ ፊትህ ሳቅ። ምንም ነገር እንዳላየህ ስትነግረኝ ሽልማት ያገኘህ ነበር የምትመስለው።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር ተናገርክ።

«የሽዬ፣ የዚህን ትሬለር አንቺም አትይ። አንድ ጊዜ እንኳ ሁለታችንም ሳናውቅ እንግባ።»

እሺ አልኩህ። ቃሌ ይኸው ነው። ፊልሙ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ቆየ። በመሃል አንተ ከሳህ።

የባሕር ዳሩን ሆስፒታል ነገር አጭር ላድርገው። ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ ሲጠራን ተነሣሁ፤ አንተ ከአግዳሚው ላይ አልተነሣህም። አንቺ ግቢ አልከኝ። ገባሁ። ብዙ አልቆየሁም። ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ ደህና አድርጎ ነገረኝ። ስወጣ ግድግዳውን ተደግፈህ ቆመሃል፤ እዚህ ቤት ከበሩ ጀርባ እንደምትቆመው።

«እንየው?» አልከኝ።

ፊቴን ዘጋሁት። በሕይወቴ እንደዚያ አጥብቄ ዘግቼው አላውቅም።

«እንየው» አልኩህ።

ሌላ አልጠየቅከኝም። በሚኒባስ ስንመለስ ዳንግላ ላይ ሰው ሲወርድ ወደ ድሮው ቪዲዮ ቤት አንገትህን አዞርክ። የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ሁለት መዳፍህን አንሥተህ ጆሮህ ላይ አደረግካቸው። ለኔ ነበር? ለዚያ ለፍላፊ ሰውዬ ነበር? ይህን አሁንም እጠይቃለሁ። ሰሃን ሳጥብ እጠይቃለሁ። አንዳንዴ መስታወት ፊት ቆሜ ያን ቀን እንደዘጋሁት ፊቴን እዘጋለሁ፣ ከዚያ እንደ አንተ ሆኜ አየዋለሁ፤ ቀዳዳ ይኖረው እንደሆነ።

አሁን ወዳመጣኝ ነገር ልምጣ። ፊልሙ ወጣ።

መጀመሪያ የነገረኝ ፈንቴ ነው። አጥሩ ጋ መጣ፤ እንደ ድሮው አልጮኸም። ከሄድክ ወዲህ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እንኳ ዝቅ አድርጓል። እጁን አጥሩ ላይ አደረገ። ከዚያ፣ «የሺ፣ ትሬለሩ ላይ አያሌው አለ» አለኝ።

ካሜራው ለካ ሐይቁን ተሻግሮ ማዶውን ነበር የሚያየው። ከፊልሙ ሸሽተህ የሄድክበት መንገድ ፊልሙ ውስጥ ነበር። ቀርከሃ ተሸክሞ በዛፎቹ ሥር የሚያልፍ ሰው አለ አሉ። ጀርባው ነው የሚታየው አሉ። ፈንቴ ይህን ሲነግረኝ ሳቀ፣ ከዚያ ፊቱን አዞረ። እኔም ሳቅኩ። ሳቄ የት ላይ እንዳለቀ አላስታውስም።

ሰላም አይታዋለች። ስልኳ ላይ አለ። እማዬ ላሳይሽ አለችኝ፤ የገባሁትን ቃል ነገርኳት። አባዬ እኮ የለም አለችኝ፤ ክፋት አስባ አይደለም። በማግስቱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትታ ገበያ ወጣች። ብቻችንን ቀረን፣ እኔና ስልኩ። አያልዬ፣ እዚያ ውስጥ እየተራመድክ ነው። ፎቶህ አለኝ፤ ፎቶ ግን አይራመድም። አረማመድህን፣ ግራ ትከሻህን ዝቅ የምታደርጋትን፣ መርሳት ጀምሬ ነበር። አነሣሁት። አስቀመጥኩት። ልብስ አለበስኩት። በመጨረሻ ወስጄ የዱቄቱ ዕቃ ውስጥ ከትቼ ከደንኩት። ትንሽ ቆይቶ ዱቄቱ ጠራ። ሰላም በሰው ስልክ ድንቹ በስንት ይገዛ ብላ ልትጠይቀኝ ነበር። ስትመለስ ስልኳን እያራገፈች ብዙ አየችኝ። ያን ቀን ልብሱን ከወንበሩ ላይ ራሷ አነሣች።

እሑድ ፊልሙ ወደ ከተማችን አዳራሽ መጣ።

ሦስታችን ሄድን፤ እኔ፣ ሰላምና ፈንቴ። ፈንቴ አፉን በጋቢው ጠቅልሎ ነበር የመጣው፤ አንዲት ቃል ብትወጣኝ አያሌው ከመቃብር ተነሥቶ ያንቀኛል አለ። እነሱ ገቡ። እኔ ውጭ ቀረሁ። ውስጥ የሌሎች ፊልሞች ማስታወቂያ ጀምሯል፤ ያ ወፍራም ድምፅ በግድግዳው ያልፋል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ከበሩ ጀርባ ቆምኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ካፊያ ነበር። ስንት ዓመት እዚህ እንደቆምክልኝ ያኔ ገባኝ፤ ከዚህ በኩል ሲታይ ብርሃኑ በበሩ ሥር ቀጭን ሆኖ ነው የሚወጣው፣ የሰው ሳቅ ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ ውጭ የቆመ ሰውም ውስጥ ያለውን ያምናል እንጂ ሌላ የሚያደርገው ነገር የለውም።

አያልዬ፣ ትላልቁን ነገር ለማስታወስ ቃል አልገባልህም፤ እሱ ሳልፈልገውም አለ። ትንንሹን ግን እጠብቀዋለሁ፤ ብር የያዘ ጥርስህን፣ ጭቃ ጫማህን፣ የጣትህን ኳኳታ። እኔ እስካለሁ ከበሩ ጀርባ ያለው ቦታህ ሰው አያጣም።

በሩን በጣቴ ኳ አደረግኩት።

ቆየ። ከዚያ ሰላም አንገቷን ብቅ አደረገች።

«እማዬ፣ አለቀ። ግቢ።»

ውስጡ ጨለማ ነበር። ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።