ሁለት ጊዜ የተሰፋው ሰው

አርብ፣ ኅዳር 12 ቀን

ውድ አክስቴ፣

እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም። ትናንት ደውለሽ «የቅዳሜውን የዘር ሐረግ ክፍል አንቺ ያዢልኝ» ስትዪኝ «እሺ» ብዬሻለሁ አይደል? ያ እሺ የእውነት አልነበረም። ስልኩ ቶሎ እንዲዘጋ ብዬ ነው።

ወዲያው ለእናቴ ነገርኳት። ሳቋ አመለጣት። «አንቺ? ልታስተምሪ? ዳቦ ቤት ገብተሽ መናገር አፍረሽ በጣትሽ የምታሳዪ ልጅ?» አለችኝ። ኋላ ፊቴን ስታይ ሳቋን ዋጠችና «እህቴ ግን ሰው ታውቃለች፤ ዝም ብላ አልጠየቀችሽም» አለች።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የምታስተምሪበት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እንዲያጥርለት የሰጠንን ሱሪ ሊወስድ ስፌት ሱቃችን መጣ። አንቺ ለወራት ሌላ ከተማ እንደምታስተምሪ ሰምቷል። «ነገ የሚያስተምር ሰው ከሌለ ክፍሉን ለቼዝ ተጫዋቾቹ እሰጠዋለሁ። እነሱ እንኳ በር በሩን እያዩ ነው» አለኝ። ሱሪውን አጥፌ ሰጠሁት።

እሱ ከወጣ በኋላ መርፌዬን አስቀመጥኩ። ክፍሉ ከምን ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ከአንቺ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኛ። ደንበኛ ሲጠፋ ለልብስ ቅድ የምትጠቀሚበትን ትልቅ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትዘረጊና ለእያንዳንዱ ዘመዳችን አንድ ቁራጭ ጨርቅ ታስቀምጪለታለሽ። ወሬው ብቻ የተሰማውን በስፒል ታቆዪዋለሽ። የተረጋገጠውን በክር ትሰፊዋለሽ። «ስፒል ይነቀላል፤ ክር ግን ሲተረተር ያማል፤ ስለዚህ አትቸኩዪ» ትዪኝ ነበር። እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ትቼ ቁልፍ ልተክል አንቺ ጋ ስገባ፣ ሌላ ትምህርት ቤት የገባሁ አልመሰለኝም ነበር።

ልብስ ሊለኩ የመጡ ሰዎች ወረቀቱን እያዩ «የእኛንስ አትሠሪልንም?» ማለት ጀመሩ። አንቺ ደግሞ «አልሠራም፤ አሠራሩን ግን አሳያችኋለሁ» አልሽ። ትርፍ ጊዜሽን ያዋልሽበት ነገር እንዲህ ክፍል ሆነ፤ አሁን ደግሞ መጽሐፍ እየሆነ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀውን ይዞ ይኮራል። አንቺ ግን ሁልጊዜ የምትጀምሪው ከተሳሳትሽበት ነው። «የሌለ አጎት ወልጄ ያሳደግኩ ሴት ነኝ» ስትዪያቸው ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አላውቅም ለማለት አያፍርም።

የዚያን አጎት ነገር ስትተርኪ እኔ ከኋላ ወንበር አንገቴን እደፋለሁ። የአያቴ እህት ስለ ወንድሟ ስለ «ፉጨቴ» ነገረችሽ፤ ቀልደኛ፣ መንገድ ሲወጣ የሚያፏጭ ሰው። ሌላ ቤት ያሉት የአጎትሽ ልጆች ደግሞ ስለ አባታቸው ስለ «ሹፌሩ» ነገሩሽ፤ ቤት ሲገባ ሁሉም ጸጥ የሚልለት፣ ጥርሱ የማይታይ ሰው። አያቴ ሁለት ወንድሞች ነበሩት ብለሽ ሁለቱንም በክር ሰፋሻቸው። ማን ይጠረጥራል?

እኔ ፎቶዎቹን አየሁ። ሁለት ፎቶ፣ ፉጨቴ ሠርግ ላይ፣ ሹፌሩ መኪና አጠገብ። ዕድሜውም ልብሱም ይለያያል። አቋቋሙ ግን አንድ ነው፤ ግማሽ ትከሻውን ከሰው ጀርባ ደብቆ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ። እኔ ፎቶ ስነሳ እንዲህ ነው የምቆመው። ለዚህ ነው ያወቅኩት። በጆሮሽ ነገርኩሽ፤ አንቺም ወዲያው ለአያቴ እህት ደወልሽ።

«እንዴ! ሹፌርም ነበራ!» አለች። «መኪናው ውስጥ ነው እኮ የሚያፏጨው። ሰው ፊትማ ያፍራል።»

ልጆቹ ቁጡ ያሉት አባታቸው ዓይን አፋር ሰው ኖሯል። ትልቋ ልጁ ስትሰማ እዚሁ ሱቅ ተቀምጣ አለቀሰች፤ «ተቆጥቶን እኮ አያውቅም፤ እኛ ነን የፈራነው» እያለች። አንቺም ክሩን ተረተርሽና ሁለቱን ቁራጭ አንድ አደረግሻቸው።

ስሜን እንዳታነሺ ስለለመንኩሽ በክፍሉ «አንድ ሰው አይቶ ነገረኝ» እያልሽ ታልፊዋለሽ። በመጽሐፍሽም እዚያ ቦታ ላይ ባዶ ገጽ ትተሽ «ያየችው ትጻፈው» ብለሻል። አልችልም ብዬሽ ነበር። ይኸው ሳላስበው እዚህ ጻፍኩት። ከጠቀመሽ ውሰጂው። ስሜንም ጻፊበት።

አሁን ስለ ነገው ልንገርሽ። በጠዋት ሄጄ ክፍሉን እከፍታለሁ፤ ለኃላፊውም «አስተማሪዋ እኔ ነኝ» እለዋለሁ፤ ድምፄ ቢሰልልም ይስለል። ፊት ለፊት መቆም ግን አልችልበትም። ወንበሮቹን ክብ አድርጌ፣ የጡረተኛው ዘበኛ አጠገብ እቀመጣለሁ። ታስታውሺያቸዋለሽ፤ በየሳምንቱ ፎቶ በኮታቸው ኪስ ይዘው ይመጣሉ፤ አንድ ቀን እንኳ አውጥተውት አያውቁም። «አባባ፣ እዚህ ፎቶ ላይ የት ጋ ነው የቆሙት?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ከዚያ እስኪመልሱልኝ ዝም እላለሁ። ዝም ማለቱን እንደሆነ እችልበታለሁ።

አክባሪሽ፣
የእህትሽ ልጅ