በፎቶው ላይ ምላሱን ያወጣው ልጅ

ለተከበሩ ዶክተር ሚላግሮስ ፓኒሳሌስ
የተማሪዎች ደህንነትና ስኬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክብርት ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ሥር፣ በሙሉ ጤንነትና በሙሉ ሰላም እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው። ስለ እኛ አይስጉ፤ እርስዎ እያሉ ደህና ከመሆን በቀር ምን ምርጫ አለን? ደህና መሆናችን እንደሆነ በዩኒቨርሲቲያችን የፌስቡክ ገጽ ላይ በፎቶ ተረጋግጧል።

እኔ የአራተኛ ዓመት የግብርና ተማሪ ስሆን፣ ጽሕፈት ቤትዎ ባቋቋመው ተማሪ ለተማሪ የመደጋገፊያ ፕሮግራም ውስጥ ደጋፊ ሆኜ አገለግላለሁ። ሥራው ቀላል ነው። የቆየው ተማሪ ከአዲሱ ጋር ይቀመጣል፣ ይሰማዋል፣ መውጫውን ልጁ ራሱ እስኪያገኘው ድረስ አብሮት ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ጥሩ ሐሳብ ያለ ጽሕፈት ቤትዎ እርዳታ የትም ባልደረሰ ነበርና፣ ምስጋናዬን በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ መክፈቻው በዓል። ጸሎት ተደረገ፣ መዝሙር ተዘመረ፣ ተጨፈረ፣ ጭፈራው ስላማረ እንደገና ተጨፈረ። ከዚያም ከማኒላ የመጡት የክብር እንግዳ ሰውን ስለ ማዳመጥ ከምሳ ሰዓት አሳልፈው በድምፅ ማጉያ አስተማሩን። አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ጥያቄ ኖሯት እጇን ብታወጣ፣ የመድረክ መሪው «ኢንዳይ፣ እጅሽን አውርጂ፤ ለጥያቄ ጊዜ የለንም፣ የምስክር ወረቀት ገና አልሰጠንም» አላት። እንግዳውም ስለ ማዳመጥ ስለተናገሩ የምስክር ወረቀት ተቀበሉ፤ እኛ ደግሞ ስላዳመጥን በወረቀት ሳህን ፓንሲት ተቀበልን። ኑድሉ ጥሩ ነበር። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ባነሩ። የተሰጠን የመነጋገሪያ ክፍል አንድ መስኮት ብቻ ነበረው፤ መስኮቱን በባነር ስለሸፈኑልን ከፀሐይም ከነፋስም ተገላግለናል። በባነሩ ላይ የእርስዎ ፊት «ደህንነት» ከሚለው ቃል በእጅጉ ይበልጣል። ልደግፈው የተመደበልኝ ልጅ መጀመሪያ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ ቀና አለና፣ «ማናንግ፣ እኚህ ሴትዮ ለከንቲባነት እየተወዳደሩ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም፣ አንተን ለመርዳት ነው አልኩት። «እኔን ለመርዳት ይህን ያህል ትልቅ መሆን ነበረባቸው?» አለ። መልሱን ምናልባት ጽሕፈት ቤቱ ያውቀው ይሆናል።

ሦስተኛውን ምስጋና ግን ባጭሩ ልጨርሰው አልችልም፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

የልጁን ስም አልጽፍም። ሥራ ስንጀምር የሰማነውን ለማንም እንዳንናገር በጽሕፈት ቤትዎ ፊት ምለናል፤ መሐላው ጽሕፈት ቤቱን እንደማይጨምር የገባኝ በኋላ ነው። በእኛ ዘንድ ታናሽ ሴት ሁሉ ኢንዳይ፣ ታናሽ ወንድ ሁሉ ኖኖይ ስለሆነ እኔም ኖኖይ እለዋለሁ፤ እሱም እንደ ታላቅ እህቱ ማናንግ ይለኛል። የመጣው ከጊጋንቴስ ደሴቶች ነው። በኬሚስትሪ ክፍል ስለ ባሕር ጨው በእንግሊዝኛ እንዲያቀርብ ታዞ፣ በደሴቱ አነጋገር ገና አፉን ሲከፍት ክፍሉ ሳቀበት። መምህሩም አብረው ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኖኖይ ክፍል መግባት ትቶ ከመኝታ ቤቱ አልጋ ላይ አልነሳ አለ።

«ወደ አባቴ ጀልባ ልመለስ፣ ማናንግ» አለኝ። «ዓሣ በአነጋገሬ አይስቅብኝም።»

«ዓሣማ አይስቅም፤ ግን ስለ ጨው ብትነግረው ምን ይገባዋል? እስቲ ለእኔ ንገረኝ።»

ነገረኝ። በመጀመሪያ ወደ መሬት እያየ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ እያየ፣ በመጨረሻ በእጁ እያሳየ ነገረኝ። አባቱ የባሕሩን ውኃ በቀርከሃ ገንዳ እንዴት እንደሚያደርቁት ሲያስረዳ እኔ ራሴ ማስታወሻ ልይዝ ምንም አልቀረኝም። መምህሩንም ሄጄ አነጋገርኳቸው፤ ማፈራቸው ያስታውቅ ነበር፤ ከፈተናው በፊት ባለው ሰኞ እንደገና እንዲያቀርብ ፈቀዱ። ያን ቀን ካላቀረበ ግን ትምህርቱን ይወድቃል፣ የነፃ ትምህርት ዕድሉም አብሮ ይሄዳል። ልምምዳችንን ቀጠልን።

ከዚያም በዚያች ባነር በጋረዳት ክፍል ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ኖኖይ ለማንም ያልነገረውን ነገረኝ። እናቱ በደወለች ቁጥር ክፍል ገብቼ ወጣሁ ይላታል፤ እሷም ገበያ ላይ ለዓሣ ሻጭ ጓደኞቿ ሁሉ ትናገራለች። ይህን ሲለኝ እንባው መጣ። ገና ማልቀስ ሲጀምር በሩ ተከፈተ።

ሰር ዴክስተር ናቸው፣ የጽሕፈት ቤትዎ ፎቶ አንሺ፤ ከኋላቸው ሁለት ሠራተኞች ሌላ ባነር ይዘዋል፣ የመስኮቱ ያነሰ ይመስል።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ብቻ! ማም ኃላፊዋ ዛሬ ሪፖርት ይልካሉ። ኖኖይ፣ ዓይንህን ጥረግ እስቲ፣ ፍላሹ ያንጸባርቅበታል።»

«ሰር፣ ትንሽ ቆይተው ቢመለሱስ?» አልኩ።

«ኢንዳይ፣ ፎቶ ከሌለ እኮ አልተገናኛችሁም ማለት ነው።»

ቆምን። የባነሩን አንድ ጫፍ ለኖኖይ አስያዙት። የደንቡ ፎቶ ተነሳ። ቀጥሎ፣ ያለ ቀልድ ፎቶ ተነሣን ማለት አንወድምና፣ «አሁን ደግሞ የቀልዱ!» አሉ ሰር ዴክስተር። «ምላስ! ጣት! ጆሮ! ደስ ይበላችሁ እንጂ፣ ደህንነት ነው እኮ!» ኖኖይ ትልቅ ሰው ሲያዘው እምቢ ማለት ያላደገበት ልጅ ነው። ጉንጩ እንደረጠበ ምላሱን አወጣ።

ጽሕፈት ቤትዎ ከሁለቱ ፎቶዎች የቀልዱን መርጦ፣ የልጁን ሙሉ ስምና የትምህርት ክፍሉን ጨምሮ፣ «ችግር ላይ የነበረው ተማሪያችን ዛሬ በደስታ!» የሚል ጽሑፍ አክሎበት ለሕዝብ አደረሰው። ለጥንቃቄው አመሰግናለሁ፤ ስሙን የሚሳሳት እንዳይኖር ታስቦ መሆን አለበት። እራት ሳይበላ የመኝታ ቤቱ ልጆች በር ላይ ተሰልፈው ይጠብቁት ነበር። «ደስተኛው መጣ! ምላስህን አሳየን እንጂ፣ ለእኛ ስስት ነው?» በማግስቱ አልጋው ባዶ ነበር፤ ወደ ደሴቱ በሚሄደው ጀልባ ተሳፍሯል።

ፎቶው ከገጹ እንዲነሳ ለመለመን ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና ተቀበሉኝ። «አዬ ኢንዳይ፣ እሱማ ለክልሉ ምርጥ የተማሪ ደህንነት ፕሮግራም ውድድር ተልኳል። ዳኞቹ ገጹን ሊያዩት ይችላሉ። ደግሞ ስንት ሰው ወዶታል እኮ!» አሉኝ። ኖኖይ ጋ ስደውል የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ፎቶው አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው እኔ የለሁም፣ ማናንግ።»

ክብርት ሆይ፣ ሰኞ እየደረሰ ነው። በዚህ ሁሉ ምስጋና መካከል የማቀርበው ልመና አንድ ብቻ ነው፤ ያንን ፎቶ ከገጹ ያንሱት። ውድድሩ ያለ ፎቶ የማይሆን ከሆነ የእኔን ያውጡት። ምላስ ማውጣት ግዴታ ከሆነም ዝግጁ ነኝ፤ በተለይ ለጽሕፈት ቤትዎ ሲሆን ልምምድ እንኳ አያስፈልገኝም። ዳኞቹ ፕሮግራሙ ምን እንዳስገኘ ማወቅ ከፈለጉ ደግሞ ሰኞ ኬሚስትሪ ክፍል ይምጡና አንድ ልጅ ስለ ጨው ሲናገር ይስሙ፤ ያ ልጅ ከተገኘ ማለት ነው። ካልተገኘም ሽልማቱን በባዶው ወንበር ላይ ያኑሩት፤ ወንበሩን ያስለቀቀው ጽሕፈት ቤታችን ነውና ይገባዋል።

ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ባነርዎ እንዲረዝም፣ ካሜራዎ ባትሪ እንዳያልቅበት እየተመኘሁ፣ በደስታ ፎቶ እስክነሳ ድረስ ደህና የሆንኩ ተማሪዎ፣

ክሪስቴል ማይ ሱማጋይሳይ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽገው ስል የኖኖይ እናት ደወለች። ፎቶውን ዱባይ የምትሠራ የአጎቷ ልጅ ልካላት አይታዋለች። ልጇ መዋሸቱን ይቅር ብላዋለች፤ ያለቀሰበትንም ሰምታለች። አሁን ማወቅ የምትፈልገው፣ ልጇን እያለቀሰ ሳለ ምላስህን አውጣ ያለው ማን እንደሆነ ነው። ሰኞ በጠዋቱ ጀልባ ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ እሱ ስለ ጨው ሊናገር ወደ ክፍሉ ሲገባ፣ እሷ ወደ እርስዎ ትገባለች። ኃላፊዋን ያለ ቀጠሮ ማግኘት እንደማይቻል በትሕትና ነገርኳት። «ግድ የለም ልጄ፣ በሩ ላይ እቀመጣለሁ» አለችኝ። «እኔ ዓሣ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት።»