ቀላ ያለ ወርቅ

ጥቅምት 4

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ጉልበቷን ተሽሏታል። ደረጃውን ብቻዋን ወጥታ መጣች። ልጇም ተገላግላለች... ሦስተኛ ሴት! «አማቼ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ» ስትለኝ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ሥራ እንደ ወትሮው። አንዲት ሙሽራ ያዘዘችው ቀለበት ሥዕል፣ ቀላ ያለ ወርቅ። ኮምፒውተሩ ላይ ብርሃኑን አስተካከልኩ፣ ጥላውን አስተካከልኩ። ቀለሙ ግን ገረጣብኝ። ቅላት ጨመርኩ... ጨመርኩ።

ጥቅምት 6

ሥዕሉ ተመለሰ። ሙሽራዋ «ያዘዝኩት ወርቅ እንጂ የመዳብ ድስት አይደለም» ብላለች። አንጥረኛው ጋሼ ሚዛን ተንከተከተ። «እታለም፣ ወርቁ ምን በድሎሽ ነው እንዲህ የጠበስሽው?»

እኔም ሳቅኩ። ግን... አስራ አንድ ዓመት በዚህ ዓይኔ ነው የሠራሁት። ደንበኛው ሥዕሉን አይቶ እሺ ካላለ ጋሼ ሚዛን እሳት አያነድም። ስክሪኑ ነው የተበላሸው። ሌላ ምን ይሆናል?

ጥቅምት 9

አዲስ ስክሪን ተገጠመ። ያው ነው።

ጥቅምት 10

ጋሼ ሚዛን ለሌላ ደንበኛ ሠርቶ የጨረሰውን ቀለበት መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «ይኸው፣ ቀላ ያለ ማለት ይሄ ነው። ከዚህ ጋር አስተያዪው።» አየሁት። የረጠበ አመድ።

«አዎ፣ ያምራል» አልኩት። ስክሪኑ አይደለም ለካ...

ጥቅምት 15

ሐኪም ቤት። ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። አንዱን ዓይኔን ሸፍና የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን አሳየችኝ። «እናቴ፣ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» «ቡናማ።» ሌላኛውን ሸፈነች። «ቡናማ አልኩሽ እኮ የኔ ልጅ።» ካርዴ ላይ ጻፈች። ክዳኑ ቀይ ነበር።

የዓይኔ ነርቭ ተጎድቷል። አስቀድሞ የሚሄደው ቀለሙ ነው አለች። «ይመለሳል?» ብላት፣ መድኃኒቱ የቀረውን ለማቆየት ነው አለች። የጠየቅኳት ሌላ፣ የመለሰችልኝ ሌላ።

ጥቅምት 17

ባለቤቴ «ለአለቃሽ ንገሪያት» ይለኛል። ነግሬያትስ? ቀለም የማታይ ቀለም አስተካካይ ምን ትሠራላታለች? ከእኔስ ሚዶ የገዛ መላጣ ይሻላል። ሲስቅ አየሁት። ቀጥሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጥቅምት 19

በር ተንኳኳ። አልከፈትኩም።

ጥቅምት 23

ሊያጽናናኝ የመጣም አለ፣ ለማጽናኛ የተባለም አለ። ምን ያደርጋል...

የዛሬ ሁለት ዓመት የሠራሁትን የአምባር ሥዕል ከፈትኩ። ያው ቀላ ያለ ወርቅ ነው። የቅላቱን፣ የቢጫነቱን፣ የድምቀቱን ቁጥር ሁሉ አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ። የሙሽራዋ ቀለበት ሥዕል ላይ እንዳለ ሞላሁት። እጄ ቅላቱን ልጨምር ልጨምር አለኝ። በሌላው እጄ ያዝኩት። ላክሁት።

ከምሳ በፊት መልስ መጣ። ሙሽራዋ ወድዳዋለች። የጋሼ ሚዛን እሳት ከጀርባዬ ሲነድ ይሰማኛል። ስክሪኑን ደግሜ አየሁት። አመድ።

የነገው ትእዛዝ አረንጓዴ ድንጋይ ያለው ጉትቻ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ሠርቼ አላውቅም። የምገለብጠው ቁጥር የለኝም።