እናቴ ያልጠጣችው ጽዋ

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፵፬ ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ይህን እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም። እናቴ ጽዋውን አትጠጣም። ወደ አፏ ታስጠጋዋለች፣ ራሷን ቀና ታደርጋለች፣ የጠጣች ትመስላለች። ግን አትጠጣም። ይህን ያየሁ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው። ሰፈሩ ሁሉ «በሽታ ይሂድ» እያለ ጥራጊውን ደጅ አውጥቶ ሲያቃጥል ዋለ። እኔም የግቢያችንን ቅጠል ጠርጌ አውጥቼ እሳቱ ዳር ቆምሁ። ሴቶቹ ሲያወሩ እኔ መኖሬን አያስታውሱም። ዝም ስለምል እንደ አጥር ነው የሚቆጥሩኝ።

«አትጠገብ ባለፈው ማርያም አልጠጣችም፣ አይተሻል?» አለች አንዷ።

«በመስከረምም አልጠጣችም። ማንን ቂም ይዛ ይሆን?»

አትጠገብ እናቴ ናት። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለው ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

ሕጉ እንዲህ ነው። የማርያም ማኅበርተኞች በየወሩ በሃያ አንድ በተረኛዋ ቤት ይሰበሰባሉ። ቄስ ይባርካል፣ ከዚያ አንዱ ጽዋ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ቂም ያለባት ጽዋውን አትነካም። መጀመሪያ የተጣላቻትን ጠርታ ትታረቃለች። ስለዚህ ያልጠጣች ሁሉ ቂመኛ ናት። ሌላ ምክንያት ይኖራል ብሎ የሚያስብ የለም።

ሌላ ምክንያት አለ። በክረምት ሆስፒታል የወሰድኋት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ፣ አክታዋን ወሰደ። በሌላ ቀን ስንመለስ በአስተርጓሚ፣ «ሳንባዋን ነው። የምትበላበትም የምትጠጣበትም ለብቻው ይሁን» አለን። እኔንም አዳምጦ «አንቺ ደህና ነሽ» አለኝ። ስንመለስ እናቴ መንገድ ላይ ቆመች።

«ትርንጎ፣ ይህን ሰው እንዳይሰማ። እህትሽ እስክትዳር ድረስ።»

እህቴ ስንዱ ኮሶዬ ላለ ሰው ታጭታለች። ሠርጉ ጥር ላይ ነው። በዘራቸው የሳንባ በሽታ አለ ከተባለ ማን ይወስዳታል? ስንዱ ራሷም አታውቅም። የእናቴ ዋንጫ ለብቻው የተቀመጠው ለስለት ነው ብለናታል።


ኅዳር ፲፬፣ ቅዳሜ

እሜቴ ውብነሽ መጡ። ማኅበሩን የሚመሩት፣ ሙሴ የሚባሉት እሳቸው ናቸው። እኔ ጓዳ ሆኜ ምስር እለቅም ነበር። እጄ ቆመ።

«አትጠገብ፣ ምነው? ከማን ጋር ተጣልተሽ ነው?»

«ከማንም ጋር አልተጣላሁም፣ እሜቴ።»

«እንግዲያ ምነው አትጠጪ?»

«ይቀመጡ፣ እሜቴ» አለች እናቴ።

«ስትወልጂ ነበርን። ባልሽን ስንቀብር ነበርን። ጓዳሽን እንደ ጓዳችን እናውቀዋለን። አሁን ምን መጣና ነው የምትደብቂን?»

«ጓዳዬን እወቁት፣ እሜቴ። የልቤን ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ።»

«እሳቸውንም ጠይቄአቸዋለሁ! አባ ተክሌ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‘የንስሐ ቃል ከጆሮዬ ወደ አፌ መንገድ የለውም።’ እንግዲያ አንድ ነገር አለ ማለት አይደለም?»

አባ ምንም አልተናገሩም። ዝምታቸው ግን ተናገረባት። እንዲህም ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ እሜቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በጣሊያን ጊዜ ከመካከላችን አንዷ አብራን እየጠጣች ወሬያችንን ለጠላት ታደርስ ነበር። ባሌን የበላው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የሸሸገችው ነገር ያላት ሴት አጠገቤ አትቀመጥም። አንቺም ብትሆኝ። በሃያ አንድ የተጣላሻትን ጠርተሽ፣ ታርቀሽ ትጠጫለሽ። አለዚያ ማኅበሩ ይወስናል።»

ክፉ ሴት አይደሉም። ሲወጡ ጉንጬን ሳሙኝ፣ «ምነው ከሳሽ?» አሉኝ። ለእናቴ ሳል ይሆናል ብለው ተልባ በጨርቅ ቋጥረው አምጥተው ነበር። ሳሉን ብርድ መስሏቸዋል።


ኅዳር ፲፭፣ እሑድ

ጾም ገባ። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ዋርካው ሥር ቆሙ። እናቴ ደከመኝ ብላ ቀድማ ሄዳለች። እኔ ጫማዬን የማስተካክል መስዬ ቆየሁ።

«ሙሴነት እኮ ዳኝነት አይደለም» አለች አንዷ። «ሰው አፉን ሲዘጋ በጣት አይከፈትም።»

«ዳኝነትስ አይደለም» አሉ እሜቴ ውብነሽ። «በር መጠበቅ ግን ነው። የማላየው ነገር በበሬ አይገባም።»

ለሁለት ተከፈሉ። ከዚያ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እያንዳንዷ «በእኔ ይሆን?» ትል ጀመር። «እኔ እንደሆንሁ የሻገተ ብቅል ከማበደሬ በቀር በደል የለብኝም» ብላ አንዷ አሳቀቻቸው። «እሱስ ያስገድላል!» አለች ሌላዋ።

እትዬ የሺ አልሳቀችም። በአጥር የምንዋሰን ጎረቤታችን ናት፣ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ። መሬት መሬት ታይ ነበር። እናቴ በሽታዋን ካወቀች ወዲህ የሺ ቤት መሄድ ትታለች። የሺ ልጆች አሏት፣ እናቴን ሲያዩ ዘለው እቅፏ ይገባሉ። የሺ ግን ይህን አታውቅም። የምታውቀው ጓደኛዋ እንደራቀቻት ብቻ ነው።

እናቴን የማይጠረጥር የለም። እውነቱን የሚጠረጥር ግን የለም። ይህ ደስ ሊያሰኘኝ ይገባ ነበር።


ኅዳር ፲፯፣ ማክሰኞ

ጠዋት ውኃ ቀድቼ ስመለስ እትዬ የሺ በራችን ላይ ጎንበስ ብላ ቆማለች። ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች። ሌላ ድንጋይ አጥታ ይሁን ቸኩላ እንጃ፣ የተሸከመችው የራሷን የወፍጮ መጅ ነው።

«አትጠገብ፣ ይቅር በይኝ!»

እናቴ ከመደቡ ተነሣች። «ምነው የሺ! አውርጂው፣ ወገብሽ ይቆረጣል!»

«አላወርድም። መጀመሪያ ይቅር በይኝ።»

«ስለ ምኑ?»

«እሱንማ አንቺ ነሽ የምታውቂው!» መጁ ከበዳት። «ያች ቀይ ዶሮሽ እኔ ጓዳ ስትጥል ከረመች። እንቁላሉን እኔ ነኝ የበላሁት። በፍስክ ነው ታዲያ! በጾም አንድም አልነካሁ።»

እናቴ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ቆየሁ። «እኔ ደግሞ ሸለምጥማጥ የበላብኝ መስሎኝ!» አለች። የሺም ከነድንጋይዋ ሳቀች። ከዚያ የእናቴ ሳቅ ሳል ሆነ። ሳሉ አልቆም አለ። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ስታወርደው ደም ነበረበት።

የሺ ቀስ ብላ መጁን መሬት አስቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ያወቅሁት በክረምት ነው።»

«ጽዋውን...»

«ካወቅሁ ወዲህ አንድም ቀን አልቀመስሁም።»

የሺ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «እኔ እኮ ጠላችኝ ብዬ... አንቺ ለካ...» አልጨረሰችውም። ከዚያ ቀና አለች፣ ፊቷ ተለወጠ። «ሳታውቂ በፊት የጠጣሽውስ? ከአንቺ ቀጥሎ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ልጆች አሉኝ እኮ፣ አትጠገብ!»

እናቴ ነጠላዋን ጠቀለለችው። እኔ ያን አስቤው አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ የማስበው ስለ እኛ ነው።

የሺ መጁን ረስታ ሄደች።


ኅዳር ፲፰፣ ረቡዕ

መጁ አሁንም በራችን ላይ ነው። ትናገር ይሆን? የሺ ወሬ ትወዳለች። ስንዱ ለሠርጓ የምትለብሰውን ጥለት እያሳየችኝ ታወራለች፣ እኔ «ሸጋ ነው» እላለሁ፣ ምኑም አይታየኝም።

ከሰዓት በኋላ መጁን ተሸክሜ ሄድሁ። ሰው ቤት ብቻዬን ስገባ እግሬ ይተሳሰራል። ደጇ ላይ ቆሜ ስትወጣ ጠበቅሁ።

«ነይ ግቢ፣ ቡዳ አይደለሁም» አለች። መጁን ተቀበለችኝ። ለረጅም ጊዜ ወፍጮው ላይ አስተካክላ ስታስቀምጥ ቆየች።

«አልናገርም። ለእናትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት። ግን በማርያም ስም ካስማሉኝ አልዋሽም። ሠርጉ ሲያልፍ ደግሞ ለማኅበሩ ራሷ ትናገር። የጠጣነው ሁላችን ነን። ሆስፒታል ሄደን መታየት አለብን።»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ምነው አፍ የለሽም? እኔ በአንቺ ዕድሜ ማኅበር ገብቼ ነበር። እናቴን እግሯን ሲይዛት መቀመጫዋን ለእኔ ሰጠችኝ። ‘በማን ምትክ ገባሽ?’ ብለው ሲጠይቁኝ ሽንቴ ሊያመልጠኝ!» ሳቀች፣ ከዚያ ተወችው። «እናቴ ብዙ አልቆየችም ከዚያ በኋላ።»

ለእናቴ ስነግራት፣ «ሠርጉ ይለፍ እንጂ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለች። ቆይታም፣ «እስከ ጥር ካለሁ» አለች።


ኅዳር ፲፱፣ ሐሙስ

ተረኛዋ እሜቴ ውብነሽ ስለሆኑ ሴቶቹ ለዝግጅት እሳቸው ቤት ተሰበሰቡ። እናቴ ድርሻዋን ሽሮ በእኔ ላከች። አስቀምጬ ልወጣ ስል የሺን ከበቧት።

«ድንጋይ ተሸክመሽ እንደሄድሽ ሰምተናል» አሉ እሜቴ። «በአንቺ ነበር?»

«ቂም የለባትም። ታርቀናል፣ ኧረ መጀመሪያም አልተጣላንም።»

«በማርያም ማይ!»

«በማርያም! ቂም የለባትም። ከዚህ ሌላ ግን አትጠይቁኝ።»

«ሌላ አለ ማለት ነው!»

የሺ ቀላች። «እሜቴ፣ ማኅበር የገባነው በእመቤታችን ስም ልንበላ ልንጠጣ ነው ወይስ የሰው ገላ ገልጠን ልናይ ነው?»

ቤቱ ተናወጠ። ግማሹ «እውነቷን ነው» ይላል፣ ግማሹ «ምን ብታይ ነው?» ይላል። አንዷ «መተት ይዛ ይሆናል» አለች። እሜቴ ውብነሽ እጃቸውን አነሡ።

«ቂም ከሌለባት ሸጋ። ቅዳሜ ሁላችንም እያየን ትጠጣ። ከጠጣች አንድ ቃል አልጨምርም። ካልጠጣች ከዚያች ቀን ጀምሮ ከማኅበሩ ወጥታለች።»

ማንም አልተቃወመም። የሺም ብትሆን።

ከማኅበር የወጣች ሴት ስትታመም ጠያቂ የላትም። ስትሞት የሚያለቅስላት፣ ለተዝካሯ የሚፈጭላት የለም። የኮሶዬ ሰዎችም «ምን አድርጋ ተባረረች?» ይላሉ። ብትጠጣ ደግሞ በሽታው የሚተላለፍባቸው ሌሎቹ አሉ። የሺ አለች፣ የሺ ልጆች አሉ።

ጥጉ ላይ ቆሜ አፌን ከፈትሁ። ሳንባዋን ነው፣ የማትጠጣው ለእናንተ ብላ ነው ልል ነበር። ምስጢሩ ግን የእኔ አይደለም። መልሼ ዘጋሁት። አንዷ አይታኝ፣ «ይህች ልጅ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለችው?» አለች።


ኅዳር ፳፣ ዓርብ

ለእናቴ የተባለውን ሁሉ ነገርኋት። ቀሚሷን እያጣጠፈች አዳመጠችኝ።

«አልጠጣም። አልናገርምም። ያውጡኝ» አለች። «አንቺ ብቻ ስንዱ ስትዳር አልቅሺላት።»

ያን ጊዜ ነው የተናገርሁት። መሬት መሬት እያየሁ፣ ግን ተናገርሁ። «ልጅ በእናቷ ምትክ ትገባለች። ስንዱ ወደ ኮሶዬ ትሄዳለች፣ የምቀረው እኔ ነኝ። ነገ ደከመኝ ብለሽ መቀመጫሽን ለእኔ ስጪኝ። የምጠጣው እኔ ነኝ። ደረቴ ደህና ነው ተብያለሁ። ማንም ማንንም ምንም አይጠይቅም» አልኋት።

እናቴ ማጣጠፏን ተወች።

«ይህ እኮ የሚደረገው ለሙት ነው፣ ትርንጎ።»

«ለደከመም ይደረጋል። እትዬ የሺ እንዲህ ነው የገባችው።»

የሺ ባትነግረኝ ኖሮ የሚሆን አይመስለኝም ነበር። እናቴ ቀሚሱን ወደ ጎን አድርጋ፣ «አባን ጠይቂያቸው። ውሸት ከሆነ አላደርገውም» አለች።

አባ ተክሌ ከቤተ ልሔሙ በስተጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀላቸውን ተሳልሜ ነገርኋቸው፣ በሽታውን አላነሣሁም፣ እሳቸውም አላነሡም።

«ደክሟታል?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባ።»

«እንግዲያ ደከመኝ ማለቷ ምን ውሸት አለበት? ሕጉ ‘ልጅ’ ይላል፣ ‘ባለ ትዳር’ አይልም። ውብነሽ ግን በቀላል አትለቅሽም። ‘እናትሽ ምን ሆና ነው?’ ትልሻለች። ምን ትመልሻለሽ?»

ዝም አልሁ።

«እሱንም መልስ አድርጊው፤ ዝምታሽን። ግን ራስሽን ቀና አድርገሽ ዝም በይ። አንገት ደፍቶ ዝም ያለ የሰረቀ ይመስላል።»

ቤት ስመለስ እናቴ አጥባ ያደረቀችውን ነጠላዋን አልብሳኝ አለማመደችኝ። በሁለት እጅ ይያዛል። መጀመሪያ ግንባርን፣ ከዚያ ከንፈርን። ለመለማመጃ ብዬ በቅርብ ያገኘሁትን ዋንጫ አነሣሁ።

«በእሱ አይደለም!»

እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም። የራሷ ዋንጫ ነበር። ከእጄ ነጥቃ ከጥግ አስቀመጠችው፣ ከዚያ እጄን በአመድ አሳጠበችኝ፣ ደጋግማ። ሁለታችንም እንባችን መጣ፣ ሁለታችንም ስንዱ እንዳታይ ጠረግን። ከዚያ በባዶ እጄ ተለማመድሁ።

እሜቴ ውብነሽ እምቢ ሊሉ ይችላሉ። የሺ ትደግፈኝ ይሆናል፣ ላትደግፈኝም ትችላለች። ሠርጉ እስኪያልፍ ድረስ ምስጢሩ ይጠበቅ ይሆን፣ እናቴስ እስከዚያ ትቆይ ይሆን፣ አላውቅም።

የማውቀው ነገ ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ከእናቴ ጋር እሜቴ ውብነሽ ቤት እገባለሁ። ጥግ አልቆምም። ጽዋው እሷ ዘንድ ሲደርስ እጄን እዘረጋለሁ። «በማን ምትክ ገባሽ?» ይሉኛል። ራሴን ቀና አድርጌ፣ ሁሉም እንዲሰሙ አድርጌ «በእናቴ» እላለሁ። እናቴም አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማኛለች።