ሳር አይደለም

ሮሚ፣

ሜትሮ ሊያመልጠኝ ነው፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ትናንት እንግዶቹ ፊት «ኤፊን ቻይናዎቹ ሳር ሸጡላት» ብለሽ ያሳቅሽብኝ ሻይ ሳር አይደለም። ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ግማሽ ሰዓት አንተክትከሽው ምን የማይመር አለ?

ከቻይና፣ ከዠጂያንግ የመጣ አረንጓዴ ሻይ ነው። ቅጠሉ እንደ እንክብል የተጠቀለለ ነው፤ እይው። ጥብቅ ብሎ ከተጠቀለለና ካብለጨለጨ ጥሩ ነው፤ የላላና አቧራ የበዛበት ያረጀ ነው።

አሎራ፣ እንግዲህ አፈላሉን ስሚኝ፤ ውሃው ሲፈላ አውርጂውና አምስት ደቂቃ ይብረድ። ለአንድ ኩባያ አንድ የሻይ ማንኪያ። ውሃውን አፍስሺበት፣ ሁለት ደቂቃ ቆይተሽ አጥልይው። ስኳር እንዳትነኪ። ቅጠሉንም አትድፊው፣ ለሁለተኛ ዙር ይሆናል።

ትናንት ኩባያሽን ሆን ብዬ አልሰበርኩትም።
እሺ፣ ትንሽ ሆን ብዬ ነው። ሌላ አመጣልሻለሁ።

አሠሪዬ ሲኞራ ቤት የነበረኝን ሥራ ለቅቄያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ፒያሳ ቪቶሪዮ አደባባይ ላይ፣ ይሄን ሻይ የሸጠችልኝ ቻይናዊት ሱቅ ነው የምሠራው። «ሳምንት ሳይሞላሽ ተመልሰሽ ሲኞራን ትለምኛለሽ» ማለትሽን ሰምቻለሁ።

ቆርቆሮው ውስጥ ለአንድ ኩባያ የሚሆን ትቼልሻለሁ። እንዳልኩሽ አድርገሽ ጠጪው። ከመረረሽ ዛሬውኑ ሲኞራ ጋ እመለሳለሁ።

አይመርሽም።

ኤፊ